ሰሞን የሌለው አገልጋይ

ካህኑ ዘካርያስ የመልአኩን ብሥራት በሰማ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ የገባው በዘፈቀደ አልነበረም፤ ተራው ደርሶ ነው። ንጉሥ ዳዊት የአሮንን ልጆች በ24 ክፍል ከፍሏቸው ነበርና ዘካርያስ ከአብያ ክፍል ነበረ። ክፍሉ ሲደርስ ይገባል፤ ሳምንቱ ሲፈጸም ሌላው ይተካዋል። ወንጌላዊው ሉቃስም የመልአኩን ቃል፥ የካህኑን አንደበት መታሰር፥ የሕዝቡን በውጭ ቆሞ መጠበቅ ከተረከ በኋላ አንዲት ትንሽ ነገር ሳይጽፍ አላለፈም፤ ይህችውም የአገልግሎቱ ወራት በተፈጸመ ጊዜ ካህኑ ወደ ቤቱ መሄዱ ናት። ያን ያህል ራእይ ያየ ሰው ከመቅደስ አልወጣም ቢል ማን በነቀፈው! ነገር ግን ሰሞኑ አልቋልና ሄደ። ይህን የጻፈው ሉቃስ በሙያው ሐኪም መሆኑ የታወቀ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ሥርዓት ይዛ ቆይታለች። ካህናቱና ዲያቆናቱ በሰሞን ይገባሉ፥ በሰሞን ይወጣሉ፤ ሰሞነኛው በመቅደስ ሳለ ሌላው እርሻውን ያርሳል፥ ልጆቹን ያያል፥ መጽሐፉን ይመለከታል። ቅዳሴም አንድ ቄስ ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም፤ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስም። አባቶች ይህን የሠሩት ካህኑን ሰነፍ ነው ብለው ስለ ናቁት አይደለም፤ አገልግሎቱ ከባድ፥ የሚያገለግለውም ሥጋ የለበሰ መሆኑን ስላወቁ ነው። ስለዚህ በገጠር ያለች ትንሽ ደብር እንኳ ልዑክ ቢጐድልባት ከጎረቤት ደብር ትለምናለች እንጂ አንዱን ቄስ አምስት ሁን አትለውም።

በዚህችው አገር ግን አምስት ሁን፥ ዐሥርም ሁን የተባለ አገልጋይ አለ፤ እርሱም ሐኪም ነው። ይህ እንዴት እንደ መጣ ታሪኩን መከተል ይገባል። ዛሬ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች፥ በአዲስ አበባም የሚታየው የሐኪሞች መዛል ትናንት የተወለደ አይደለምና።

አዲሱ ሕክምና በአዲስ አበባ መደላደል የጀመረው ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። በ1888 ዓመተ ምሕረት የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞችን አከሙ፥ ሐኪም ቤትም አቁመው ጥቂት ዓመታት ቆዩ፤ ከዚያ በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ሐኪም ቤት ተሠራ። እኒህ ሐኪሞች ባዕዳን ነበሩ። ከኢትዮጵያ ልጆች በአዲሱ ሥርዓት ተምረው ሐኪም ለመባል የመጀመሪያው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ጎንደር ተወልደው በ1860 በመቅደላ ገና ሕፃን ሳሉ የእንግሊዝ ጦር አግኝቶ ወሰዳቸውና በሕንድ አገር አደጉ፤ በላሆር ሕክምና ተምረው በበርማ አገለገሉ። የዐድዋን ወሬ ከሰሙ በኋላ አገራቸውን ፈልገው ሲመጡ ዘመዶቻቸው በገላቸው ባለው ጠባሳ ለይተው ተቀበሏቸው። የዮሴፍን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ዕንባ ቢመጣው አያስደንቅም።

ይሁንና አገሪቱ ይህን አንድ ሐኪም ካገኘች በኋላ ምን አደረገችው? በ1917 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት እንዲመሩ አደረገች፤ ቀጥሎ የጨርጨር ገዥ ሆኑ፤ ጠላት ሊመጣ ሲልም በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ፤ በመካከሉም የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉ። ሁሉንም በትጋት ፈጸሙ፤ ማንም ይህን አይክድም። ነገር ግን ሐኪሙ መምህር፥ ገዥና መልእክተኛ ሲሆን በበሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚቆመው ማን ነው? የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ የሁሉን ሸክም በአንዱ ጫንቃ ላይ መጫን ለተሸካሚው እንደ ክብር ይቈጠር ነበር። ሹመቱ ሐኪሙን ያከብረው ይሆናል፤ በሽተኛውን ግን አያድነውም።

ወደ ወለጋ ሲመጡ ነገሩ ከዚህ ይብሳል። በኅዳር 1911 የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በዓለም ሁሉ ሲነሣ በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 የሚበልጥ ሰው እንደ ጨረሰ ይነገራል። በምዕራብ በሳዮ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሕዝባቸው ሲያልቅ አይተው፥ በሱዳን ድንበር በሚሲዮን ሥራ ላይ የነበሩትን አሜሪካዊ ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢን ጠሩ። ዶክተሩም በፈረንጅ ቍጥር በ1919 ከቤተ ሰባቸው ጋር መጥተው፥ ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምትባለው በሳዮ ሥራ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው በጉለሌ ሌላ ሐኪም ቤት አቆሙ። በነቀምቴም በደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ዘመን የስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ሐኪም ቤት ሠራ፤ በዚያም ዶክተር ኤሪክ ሴደርስትሬም የተባሉ ስዊድናዊ ሐኪም አገለገሉ። የነዚህ ሰዎች ሃይማኖት ከኛይቱ ቤተ ክርስቲያን የተለየ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ስለ እርሱ የሚባለው በሌላ ቦታ ይባላል። የድካማቸው ነገር ግን የሃይማኖት ክርክር አይደለም።

ከነቀምቴ በስተ ምዕራብ ዲጋ አለ። ምድሩ ከደጋው ተነሥቶ በአርጆ ጉደቱ በኩል ወደ ደዴሳ ቆላ ይወርዳል፤ ደዴሳን ተሻግሮ መንገዱ ወደ ጊምቢ ያወጣል። ቆላው ለም ነው፥ ንዳዱ ግን ክፉ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲቋጥር ወባ ይነሣል፤ ያን ጊዜ የታመመው ሁሉ በአንድ ወር ይመጣል እንጂ ዓመቱን ተከፋፍሎ አይመጣም። በዚያ ዘመን መኪና በሌለበት በሽተኛ የሚጓዘው በቃሬዛ ነው። አራት ሰው ተሸክሞ፥ አራት ሰው ለመለዋወጫ ተከትሎ፥ ስንቅ የሚይዙ ሴቶች ከኋላ ሆነው ወደ ነቀምቴ ይወጣሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ቃሬዛ የሚሸከሙት ገበሬዎች በየምዕራፉ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ትከሻው ሲዝል ሌላው ሳይነገረው ይገባለታል። ቃሬዛው ሐኪም ቤት በር ላይ ሲወርድ ግን የሚቀበለው ሰው መለዋወጫ የለውም። በሩቅ አውራጃ ብቻውን የተቀመጠ ሐኪም ቀዶ የሚያክመው፥ ምጥ የሚይዘው፥ መድኃኒት የሚቀምመው፥ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚከፍለውና የጣራውን ቀዳዳ የሚያስደፍነው እርሱ ነው። በሌሊት ሲጠሩት አልመጣም ለማለት አይችልም፤ ከእርሱ በቀር የሚመጣ የለምና።

ብቸኛ ሠራተኛ ሌላም ጉዳት አለበት። በ1928 ጠላት አገሪቱን በያዘ ጊዜ የስዊድን ሚሲዮናውያን ከአገር እንዲወጡ ተደረጉ። አንድ ሰሞነኛ ቢታመም ወይም ቢሰደድ ቅዳሴ አይታጐልም፤ አንድ አውራጃ በአንድ ሐኪም ላይ ሲቆም ግን ሐኪሙ ሲሄድ ሁሉም አብሮ ይናጋል።

የዚያው ዘመን ሌላ ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። የወሎ ልጅ ናቸው፤ በአሜሪካ አገር በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፈጽመው በፈረንጅ ቍጥር በ1935 ተመረቁ፥ ወዲያውም ወደ አገራቸው ተመለሱ። መድኃኒታቸውን ገና ሳይዘረጉ ጦርነቱ ደረሰ። በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላም ስለ ኢትዮጵያ እንዲናገሩ ወደ አሜሪካ ተላኩ። በዚያ በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፥ የኢትዮጵያ ድምፅ የሚባል ጋዜጣ አወጡ፥ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሰበኩ፥ ለስደተኞች ገንዘብ ለመኑ። ሰውነታቸው እየደከመ ሳለ አላረፉም። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓመተ ምሕረት፥ በ40 ዓመታቸው ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በድል አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው፤ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ ማለት ነው። የዚህን ሰው ሥራ ማመስገን ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከድል በኋላ አገሪቱ ሐኪም አጥታ ስትለምን በ40 ዓመቱ የሞተ አንድ ሐኪም ምን ያህል ያጐድል እንደ ነበር ማሰብም ተገቢ ነው። አመስጋኞቹ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ይናገራሉ።

እዚህ ላይ የቃል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በግዕዝ ሀኬት የሚባል ነገር አለ፤ በወንጌል ሀካይ ተብሎ የተፈረደበት አገልጋይ መክሊቱን የቀበረው ነው። የግብፅ መነኮሳትም የቀትር ጋኔን ስለሚሉት፥ ስድስት ሰዓት ሲሆን መጥቶ መነኮሴውን በዓቱን ስለሚያስጠላው ፈተና ብዙ ጽፈዋል። ከነዚህ ተነሥቶ የደከመን ሐኪም ሀካይ ነው የሚል ካህን አይታጣም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሀካይ መክሊቱን ሳይሠራበት የቀበረ ነው፤ የዛለ ሐኪም መክሊቱን ሠርቶበት ሠርቶበት እጁ የቆሰለ ነው። አባ እንጦንስም ከወንድሞች ጋር ሲጫወት አይቶ ለነቀፈው አዳኝ፥ ቀስትህን ገትር፥ ደግመህ ገትር እያለ አዳኙ ይሰበራል እስኪል ድረስ አድርሶታል። የበረሃው አባት ያወቀውን የከተማ ሰው ሊያጣው አይገባም ነበር።

ፈረንጆችም ለዚህ ሕመም ስም ያወጡለት ዘግይተው ነው። በ1974 በኒውዮርክ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ ቀን በገዛ ሥራቸው ውለው ማታ በድኾች ነጻ ሕክምና ቤት ያገለግሉ ነበርና በባልንጀሮቻቸውና በራሳቸው ላይ ያዩትን ጻፉ። የሰጡት ስም ነዶ ማለቅን የሚያመለክት ነው፤ በኛ አገር ጧፍ ነዶ አለቀ እንደሚባለው ያለ። በ2019 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት ነገሩን በሦስት ምልክት ገለጠው፤ አንደኛ ኀይል ማለቅ፥ ሁለተኛ ልብ ከሥራው መራቅና ሥራውን መጥላት፥ ሦስተኛ የሠሩት ሁሉ ከንቱ ሆኖ መታየት። ድርጅቱ ይህን ከሥራ የሚመጣ ሁኔታ ነው አለው እንጂ ከበሽታዎች ጋር አልደመረውም። ይህ አነጋገር ጥበብ አለበት። በሽታ ቢሉት መድኃኒቱ ለሐኪሙ ይሰጣል፤ ከሥራ የመጣ ነው ሲሉት ግን መድኃኒቱ ለሥራው ይሰጣል።

ሥራው እንዴት እንዲህ እንደ ሆነ ለማየት ወደ ባልቲሞር መሻገር ያሻል። በ1889 በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ቤት ዊልያም ሃልስተድ የተባሉ ታላቅ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ወጣት ሐኪሞች በሐኪም ቤቱ ውስጥ እያደሩ፥ ሌሊትና ቀን ሳይለዩ የሚማሩበትን ሥርዓት አቆሙ። ሥርዓቱ ታላላቅ ሐኪሞችን አወጣ፤ በዓለምም ተሠራጨ። ነገር ግን ሃልስተድ ራሳቸው ኮኬይንን ለማደንዘዣ ሲፈትኑ በሱስ ተይዘው ነበር፤ ከእርሱ ለማላቀቅ በተሰጣቸው ሞርፊንም ዕድሜያቸውን ሙሉ ታስረው ኖሩ። የሐኪምን ትጋት የሚለካው መስፈርት በዚህ ሰው ዘመን ተሠራ። የማይተኛ ሐኪም ጥሩ ሐኪም ነው የሚለው ሐሳብ ከቅዱሳን ገድል የመጣ የሚመስለው ቢኖር ይህን ያስብ።

ሥርዓቱን ያናወጠው የሐኪም ሞት ሳይሆን የበሽተኛ ሞት ነው። በ1984 በኒውዮርክ ሊቢ ዚዮን የምትባል የ18 ዓመት ልጃገረድ በሐኪም ቤት ገብታ በማግሥቱ ሞተች። አባቷ ጋዜጠኛ ነበሩና ልጃቸውን የተመለከቱት ወጣት ሐኪሞች ስንት ሰዓት ሳይተኙ እንደ ሠሩ መጠየቅ ጀመሩ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1989 በኒውዮርክ፥ በ2003 ደግሞ በመላው አሜሪካ በመማር ላይ ያለ ሐኪም በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተደነገገ። 80 ሰዓት! ለሌላ ሠራተኛ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፤ ለሐኪሙ ግን ምሕረት ተብሎ የተሰጠ ነው። በ2020 ወረርሽኙ በዚያችው ከተማ ሲበረታ ሎርና ብሪን የተባሉ የድንገተኛ ሕክምና ኀላፊ ራሳቸውን አጠፉ፤ ቤተ ሰዎቻቸው እንደ ተናገሩት፥ ሕመሜ ቢታወቅ ሥራዬን አጣለሁ ብለው ይፈሩ ነበር። በስማቸው በ2022 የሐኪሞችን የአእምሮ ጤና የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ኀጢአቱን ለንስሐ አባቱ የሚናገር ሕዝብ ባለበት አገር፥ ሐኪም ድካሙን ለማን ይናገራል የሚለው ጥያቄ ለካህናት የቀረበ ጥያቄ ነው።

ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ፥ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ መከረው። ሙሴም የሺህ አለቃ፥ የመቶ አለቃ፥ የዐሥር አለቃ ሾመ። በኢትዮጵያ የዮቶርን ምክር የሚመስል ሥራ የተሠራው በጎንደር ነው። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቈጠር ሰው ከፈጀ በኋላ፥ በፈረንጅ ቍጥር በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያ ኮሌጅ የጤና መኮንን፥ የሕዝብ ነርስና የንጽሕና ጠባቂ በአንድነት አሠልጥኖ ወደ አውራጃ በቡድን ይልክ ነበር። አንድን ሰው ብቻውን መላክ ማስቀረቱ ከትምህርቱ ያላነሰ ቁም ነገር ነበር። በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆነው ተመደቡ፤ ቍጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ሁለት ሁለት መሆናቸው መልካም ነው፤ ጌታም ደቀ መዛሙርቱን የላከው እንዲሁ ነበር። ዛሬ በዲጋ ያለ ሕፃን ንዳድ ሲይዘው መጀመሪያ የምታየው ሐኪም ሳትሆን የቀበሌዋ ሴት ናት፤ በዚህም ወደ ነቀምቴ መሄድ የነበረበት ብዙ ሕመምተኛ በቤቱ ይድናል።

ሐኪሙ ግን ገና በቂ አልሆነም። በ2012 በፈረንጅ ቍጥር 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፍተው፥ ነቀምቴም ከ1999 ዓመተ ምሕረት ወዲህ የራሷ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ኖሯት፥ በቅርብ ዓመታት ቍጥር በአገሪቱ ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ያህል ነው። ከዚህም ብዙው በአዲስ አበባ ይቀመጣል፥ ብዙው ባሕር ይሻገራል። በወለጋ ከ2011 ወዲህ በነበረው ግጭት ጤና ኬላና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፥ መንገድ ተዘግቷል፤ በየወረዳው መታከም የሚገባው በሽተኛ ወደ ነቀምቴ ተገፍቷል።

በግንቦት 2017 ዓመተ ምሕረት የጤና ባለሙያዎች በብዙ ከተማ ስለ ደመወዛቸው፥ ስለ ተረኝነት ክፍያቸውና ስለ ሥራቸው ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ፤ የታሰሩም ነበሩ። ያን ጊዜ ከምእመናን አንዳንዱ ቅዱሳን ቆዝሞስንና ድምያኖስን እያነሣ፥ እነርሱ ያለ ዋጋ አከሙ፥ እናንተስ ስለ ምን ገንዘብ ትጠይቃላችሁ ሲል ተሰማ። ስንክሳሩን በኅዳር 22 የሚያነብብ ሰው ግን ሌላም ነገር ያገኛል። ቅዱሳኑ አንድ አልነበሩም፤ ሁለት ሆነው አከሙ፤ ሦስት ወንድሞች፥ አንዲት እናትም ነበሯቸው። ያለ ዋጋ ማከም የቅዱሳኑ ፈቃድ ነበረ፤ የሕዝብ ሕግ አልነበረም። ሲራክም ሐኪም ከንጉሥ ስጦታ እንደሚቀበልና እንደሚገባው እንዲከበር ጽፏል። ደግሞስ ቄስ ከመሠዊያው ይበላል ሲባል ያልተቈጣ ምእመን ሐኪም ከሥራው ሲበላ ለምን ይቈጣል?

የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1948 በጄኔቫ ባወጣው መሐላ ሐኪሙ ለበሽተኛው፥ ለመምህሮቹ፥ ለባልንጀሮቹ የሚገባውን ሁሉ እንዲምል ተደርጎ ነበር። ለራሱ ጤና እንዲጠነቀቅ የሚል ቃል የገባበት በ2017 በቺካጎ በተደረገው ጉባኤ ነው፤ 69 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ዛሬ የሚመረቅ ሐኪም ይህን ሊምል ይችላል፤ ሊፈጽመው የሚችለው ግን የሚተካው ባልንጀራ ሲኖረው ነው። ከአርጆ ጉደቱ በሌሊት የተነሣ አምቡላንስ ነቀምቴ ሲደርስ በሩን የሚከፍተው ተረኛ ሐኪም መቼ እንደሚያርፍ የሚያውቀው በግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የተራ ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ሰባት ስም ካለ ተራው በሳምንቱ ይመለሳል፤ ሦስት ካለ በሦስተኛው ሌሊት፤ ሁለት ካለ አንድ ሌሊት ዘልሎ።